የጦር ጄት ሞተር ከመነሣቱ በፊት በሬድዮ ንግግርና በፈቃድ አጠያየቅ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

የድሬዳዋው አባ ጤና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን የሚያመላልሱ አውሮፕላኖችና የአየር ኃይል አውሮፕላኖች በጋራ የሚገለገሉበት ስፍራ ነው። እንዲህ ባለ ቦታ የጦር ጄት አብራሪ ሞተር ከማስነሣቱ በፊት በሬድዮ የሚናገረው ቃል የእርሱና የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉ ሁሉ ይሰሙታል፣ አሠራራቸውንም በእርሱ ላይ ይመሠርታሉ። ለሙያው የሚዘጋጁ ወጣቶች ከሁሉ አስቀድመው ሊያርሟቸው የሚገቡት ስህተቶች የሚከተሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ሳያዳምጡ መናገር ነው። ሬድዮውን እንደከፈቱ ወዲያው ጥሪ የሚያሰማ አብራሪ የሌላውን ንግግር ይሸፍናል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ሲናገሩ አድማጩ ከሁለቱም አንዱን በቅጡ አይሰማም፤ ብዙውን ጊዜ የሚደርሰው ፉጨት ብቻ ነው። የመናገሪያው ቁልፍ ሙሉ በሙሉ ሳይጫን ቃል መጀመርም የጥሪ ስሙን መነሻ ይቆርጠዋል፤ ተቆጣጣሪውም ማን እንደጠራው ለመጠየቅ ይገደዳል።

ሁለተኛውና ከሁሉም የከፋው፣ የተሰጠን ፈቃድ ከወሰኑ በላይ መረዳት ነው። ሞተር ለማስነሣት የተሰጠ ፈቃድ ሞተር ለማስነሣት ብቻ ነው። ከቆሙበት ለመንቀሳቀስ፣ ወደ ማኮብኮቢያው ለመግባት፣ ለመነሣትም እያንዳንዱ የየራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከተነሡ በኋላ የሚከተሉትን መንገድ የሚወስነው የበረራ መስመር ፈቃድም ከእነዚህ የተለየ ነው። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፍ ደሴት ሁለት ቦይንግ 747 አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ያለቁበት አደጋ ይህንኑ ያሳያል። የአንደኛው ካፒቴን የበረራ መስመር ፈቃድ እንጂ የመነሻ ፈቃድ ሳይሰጠው መንደርደር ጀመረ፤ ተቆጣጣሪው እንዲጠብቅ የነገረው ቃልና ሌላኛው አውሮፕላን ገና ማኮብኮቢያው ላይ መሆኑን የገለጸበት ቃል በአንድ ጊዜ ስለተላለፉ በፉጨት ተውጠው ቀሩ። ዛሬ «ቴክ ኦፍ» (መነሣት) የሚለው ቃል የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ካልሆነ በቀር በሬድዮ የማይነገረውም ይህን መሰል መደናገርን ለመከላከል ነው።

ሦስተኛው፣ መመሪያን ተቀብሎ ሳይደግሙ «ሮጀር» ብሎ ማለፍ ነው። ይህ ቃል መልእክቱ መሰማቱን እንጂ በትክክል መሰማቱን አያረጋግጥም። የበረራ መስመሩ፣ የማኮብኮቢያው ቁጥር፣ የትራንስፖንደር (አውሮፕላኑን በራዳር የሚያስለየው መሣሪያ) ኮዱ፣ ቀጣዩ ፍሪኩዌንሲና የከፍታ መለኪያው የሚስተካከልበት የአየር ግፊት ቃል በቃል ሊደገሙ ይገባል። የግፊቱ ነገር በተለይ ለድሬዳዋ የዋዛ አይደለም። ሜዳው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,160 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ፣ ከባሕር ጠለል የሚለካውን ግፊት ከሜዳው ከሚለካው ጋር ያምታታ አብራሪ መለኪያው ከ1,100 ሜትር በላይ ይለያይበታል፤ በስተደቡብ በኩል ደግሞ በደንገጎ አቅጣጫ ተራራው ተገትሮ ይታያል። ድግግሙን ሰምቶ ስህተቱን ማረም ደግሞ የተቆጣጣሪው ግዴታ ነው፤ አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ይይዘዋል።

ሌላው ስህተት የማማውን (ተቆጣጣሪው የሚሠራበትን ሕንፃ) ፈቃድ የምድር ሠራተኞች ፈቃድ አድርጎ መውሰድ ነው። ተቆጣጣሪው የአየርና የመንገድ እንቅስቃሴን እንጂ በሞተሩ አየር መሳቢያ ፊት የቆመን ቴክኒሺያን ሁልጊዜ አያይም። ጄት ሞተር ከፊቱ ሰውን ሊስብ፣ ከኋላው በትኩስ ጭስ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ጎማዎቹ መታገዳቸው፣ የእሳት ማጥፊያው መቅረቡ፣ ከፊትና ከኋላ ሰው አለመኖሩ ከምድር ኃላፊው በውስጥ መስመር ወይም በእጅ ምልክት ሳይረጋገጥ ሞተሩ ሊነሣ አይገባም። ማማው ፈቀደ ብሎ ሠራተኞቹን ማጣደፍ ፈጽሞ ተቀባይነት የለውም።

ሳይዘጋጁ ፈቃድ መጠየቅም ጉዳት አለው። ተቆጣጣሪው ማኮብኮቢያውን የሚያመቻቸው በሚነገረው ሰዓት መሠረት ነው፤ አብራሪው ቢዘገይ የሌሎች ተራ ይዛባል። ቸኩሎ ሞተር አስነሥቶ መቆምም ነዳጅ ይበላል፣ በድሬዳዋ ሙቀትም የሞተሩን የሙቀት መጠን በጥብቅ መከታተል ይጠይቃል። ሁለትና ከዚያ በላይ ጄቶች አብረው ሲነሡ ፈቃዱን የሚጠይቀው መሪው ነው፤ ተከታዮቹ በተራ ቁጥራቸው አጭር መልስ ይሰጣሉ እንጂ እያንዳንዳቸው ማማውን አይጠሩም።

በመጨረሻም ሬድዮን ለመፈተሽ በ121.5 ወይም በ243.0 ሜጋኸርትዝ መናገር የተከለከለ ነው። እነዚህ የአደጋ ጥሪ መስመሮች ናቸው፤ ፍተሻው የሚደረገው በመደበኛው ፍሪኩዌንሲ፣ ማማው መልስ ሊሰጥ በሚችልበት ጊዜ፣ ሞተሩ ገና ሳይነሣ ነው።