የጥምቀት ቡኪንግ በአንድ ቀን ሲዛነፍ እንዴት እንዳስተካከልኩት

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ሆቴል የቡኪንግ ሲስተም ላይ ነው፣ በጥምቀት ከተማዋ እንዴት እንደምትሞላ ታውቃላችሁ፣ አንድ ቀን ተዛነፈ ማለት እንግዳ ከነሻንጣው ውጭ አደረ ማለት ነው። ሲስተሙ ጥር 11ን ሁሌ ጃንዋሪ 19 ያደርገዋል፣ በ2016 ግን ጃንዋሪ 20 ነበር የዋለው።

ኮዱን ስከፍተው የኛን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይረው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራው የኮድ ክፍል) አንድ መስመር ብቻ፣ ያምራል እውነት ለመናገር፣ ግን ቫሪያብሎቹ፣ ማለትም ቁጥሮቹ የሚቀመጡባቸው ስሞች፣ ሁሉ አንድ አንድ ፊደል ናቸው፣ መሃል ላይ 11 የሚል ቁጥር ተሰክቷል ከየት እንደመጣ አይታወቅም፣ ከላይ ያለው ኮመንት፣ ኮዱን ለሚያነብ ሰው የተጻፈው ማስታወሻ፣ ደግሞ "ቀን ይቀይራል" ይላል። እሱንማ ከስሙም አይተነዋል እኮ! 11ዱ ለካ መስከረም 1 የሚውልበት ሴፕቴምበር 11 ነው፣ ጳጉሜ 6 ስትሆን ግን አዲስ ዓመት ወደ ሴፕቴምበር 12 ይገፋል፣ ጥር 11ም አብሮ ወደ ጃንዋሪ 20 ይገፋል።

መስመሩን በታተንኩት፣ "ጳጉሜ 6 ናት ወይ" የሚለውን ለብቻው ፈንክሽን አደረግኩት፣ ለቫሪያብሎቹ ሲነበቡ የሚገቡ ስሞች ሰጠኋቸው፣ የድሮውን ኮመንት አጠፋሁት። አዲስ የጻፍኩት አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈው ጳጉሜ 6 ናት፣ የሚቀጥለው መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ይውላል፣ በፈረንጅ 2100 ላይ ግን እነሱ ፌብሩዋሪ 29 ስለሌላቸው ይሄ ሂሳብ ይከለስ። ምክንያቱን ኮዱ ራሱ ሊነግርህ አይችልማ፣ ሌላውን ስሞቹ ይናገራሉ።

ለቴስት የ2015፣ 2016 እና 2017ን ጥር 11 አስገባሁ፣ 19፣ 20፣ 19 መጣ።