ዋይልድካርድ ያለበት የኤክስኤምኤል ስኪማ ሲያስቸግር

ስኪማው አልጫን ብሎ «ኮስ-ኖንአምቢግ» የሚል ስህተት ሲሰጥ

ስኪማ የኤክስኤምኤል ሰነድ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዲኖረው የሚደነግግ ፋይል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ አንድ ነው፦ አማራጭ ኤለመንት ተቀምጦ ወዲያው ዋይልድካርድ (ስሙ አስቀድሞ ያልተወሰነ ኤለመንት የሚቀበል ቦታ) ይከተለዋል። በሲኩዌንስ (በቅደም ተከተል ዝርዝር) ውስጥ «ስም»፣ ቀጥሎ ሚንኦከርሱ 0 የሆነ (ባይኖርም የሚፈቀድ) «ስልክ»፣ መጨረሻ ላይ ኔምስፔሱ (ስሞቹ የማን እንደሆኑ የሚለየው መጠሪያ) «##ኤኒ»፣ ማለትም ማንኛውም፣ የሆነ ዋይልድካርድ አለ እንበል። ፓርሰሩ (ሰነዱን የሚያነበው ፕሮግራም) «ስልክ»ን ሲያገኝ ለኤለመንቱ ነው ለዋይልድካርዱ የሚሰጠው? የስኪማ ቋንቋው ኤክስኤስዲ 1.0 (2001) የሚቀጥለውን አይቶ መወሰንን አይፈቅድም። «ስልክ» ግዴታ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ራሱ አይነሳም ነበር።

ለዚህ ነው ስህተቱ የስኪማችሁ ስሪት 2 ላይ ብቅ የሚለው። ስሪት 1 ላይ ሁሉም ግዴታ ስለነበር ዋይልድካርዱ ማንንም አልነካም፤ የድሮ ሰነዶች እንዳይወድቁ አዲሱ ኤለመንት አማራጭ ሆኖ ሲገባ ግጭቱ ይጀምራል። አንዳንዱ ታዲያ አዲሱን ኤለመንት ከስኪማው ያወጣና ዋይልድካርዱ እንዲውጠው ይተወዋል። ስህተቱ ይጠፋል፤ ስልክ ቁጥሩ ላይ ፊደል ቢጻፍበትም ከልካይ የለም። ይህ ጥገና አይባልም።

«እኔ ጋ ይሠራል» የሚል ካለ ዘርሲስ በተባለው ፓርሰር ላይ የስኪማ ፉል ቼኪንግ ቅንብሩን ይይ። ካልተከፈተ ይህ ፍተሻ ይዘለላል፣ በነባሪውም ዝግ ነው። በጃክስፒ (የጃቫ የኤክስኤምኤል መገልገያ) ስኪማ ፋክተሪ ሲጫን ግን ይፈተሻል።

መፍትሄው የዋይልድካርዱን ኔምስፔስ «##አዘር»፣ ማለትም ከስኪማው ኔምስፔስ ሌላ፣ ማድረግ ነው። ልብ በሉ፦ ኔምስፔስ የሌለውን ኤለመንትም አይቀበልም፤ የሚጨምር ሰው የራሱን ኔምስፔስ ይዞ ይምጣ። ጭማሪው የግድ በራሳችሁ ኔምስፔስ መሆን ካለበት «ተጨማሪ» የሚል አማራጭ ኤለመንት ፍጠሩና ዋይልድካርዱን ብቻውን እዚያ ውስጥ አስገቡት።

ኤክስኤስዲ 1.1 (2012) ላይ ኤለመንትና ዋይልድካርድ ሲጋጩ ኤለመንቱ ያሸንፋል፤ ሁለት ዋይልድካርዶች ሲጋጩ ግን አሁንም ስህተት ነው። ሊብኤክስኤምኤል2ና የዶትኔት አብሮ ገነብ ፓርሰር 1.1ን አያውቁም፤ ተቀባያችሁ ምን እንደሚጠቀም ሳታጣሩ አትሸጋገሩ። ደግሞም «ስልክ»ን «ስክል» ብሎ የጻፈ ሰነድ በ«##ኤኒ» እና «ላክስ» (ትርጓሜውን ካላገኘ የማይመረምር) ዋይልድካርድ በኩል ሹልክ ብሎ ያልፋል። «##አዘር» ቢሆን ይያዝ ነበር።

አንዱ ማሽን ላይ የሚያልፍ ሰነድ ሌላው ላይ ሲወድቅ

ምክንያቱ «ላክስ» ነው። የኤለመንቱ ዲክላሬሽን (በስኪማ የተሰጠ ትርጓሜው) ከተጫነ ይመረምራል፣ ካልተጫነ ዝም ብሎ ያሳልፋል። ሁለቱም ማሽኖች ላይ የሚጫኑትን የስኪማ ፋይሎች አንድ ዓይነት አድርጉ፤ ሰነዱ ውስጥ ያለውን ስኪማሎኬሽን (ስኪማው የት እንዳለ የሚጠቁመውን) አትመኑ።

ስህተቱ 2.4.ሲ ሲል

ዋይልድካርዱ «ስትሪክት» ነው፣ ዲክላሬሽኑ ግን አልተገኘም። ፕሮሰስኮንቴንትስ (የዋይልድካርዱን ጥብቅነት የሚወስነው ቅንብር) ካልተጻፈ ነባሪው ይኸው ነው። የጎደለውን ስኪማ ጫኑ፤ ወደ «ስኪፕ» ቀይሮ መገላገል ውስጡን ጨርሶ ሳይመረምሩ መቀበል ነው።