ልጅን ከሱስ ለማላቀቅ ሲሞከር ቤተሰብ የሚፈጽማቸው ስህተቶች

በአእምሮ ጤና ክፍል በነርስነት ስሠራ ከሁሉም በላይ ተደጋግሞ ያየሁትና አሁንም የሚያበሳጨኝ ስህተት ልጁን ክፍል ውስጥ ቆልፎ ሱሱን በአንድ ጊዜ ለማስተው መሞከር ነው። በር ዘግቶ፣ ስልኩን ነጥቆ «እስኪለቀው ድረስ አይወጣም» ማለት ቆራጥነት ይመስላል። ይሁን እንጂ ለረጅም ጊዜ በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ወጣት መጠጡን ድንገት ሲያቋርጥ በሰዓታት ውስጥ ያልበዋል፣ እጁም ይንቀጠቀጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት የሚጥል በሽታ የሚመስል መንዘፍዘፍ ሊነሣበት፣ ከ2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ደግሞ የሌለ ነገር እያየ ሊቃዥ ይችላል፤ ይህ ካልታከመ ይገድላል። አንድ አባት ምላሱን ነክሶ ራሱን የሳተ ልጃቸውን ተሸክመው ካመጡት በኋላ «ሊለቀው ነው ብለን ነበር እኮ የጠበቅነው» አሉኝ። ሐኪም ዘንድ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ልጁ በክትትል ሥር ሆኖ ዲያዜፓም የሚባለው ማረጋጊያ መድኃኒትና ቫይታሚን ቢ1 እየተሰጠው ያንን ሳምንት በደህና ሊያልፍ ይችል ነበር። ዲያዜፓሙ ራሱ ሱስ ለሆነበት ልጅም ያው ነው፤ መጠኑ ቀስ በቀስ ይቀነሳል እንጂ በአንድ ቀን አይቋረጥም።

ሁለተኛው ስህተት ስለ ጫቱ ብቻ መናገር ነው። ጫት ያቆመ ሰው ይደክመዋል፣ ይደብተዋል፣ ሌሊት ዱካክ ያስጨንቀዋል፤ ይህ ግን በአብዛኛው በራሱ ጊዜ ይቀላል። ወላጆች የማይነግሩን፣ ብዙ ጊዜም የማያውቁት፣ ልጁ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ማታ የሚወስደውን ጨብሲ፣ ማለትም መጠጡን ነው። ሲመረመር ጫት ብቻ ከተጻፈለት የመጠጡ ጣጣ ሳይታይ ይቀራል፤ ስለዚህ «ከቃመ በኋላ ምን ይጠጣል? ለእንቅልፍስ ምን ይውጣል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ሳትቆጡ ከጠየቃችሁት ብዙ ጊዜ ይናገራል።

«ዳሩት፣ ይተዋል» የሚለውን ምክር በተመለከተ፣ የሰው ልጅ የምታገባው ለሕክምና አይደለም ከማለት በቀር የምጨምረው የለኝም።

ጸበል ቦታ መውሰዱን አልቃወምም፤ የምቃወመው የታዘዘለትን መድኃኒት ማስቆምን ነው። እየተጠመቀም መድኃኒቱን መውሰድ ይችላል።

የመጨረሻው፣ ለወራት ታቅቦ የቆየ ልጅ አንድ ቀን ሲሳሳት «አንተ አትድንም» ብሎ ከቤት ማባረር ነው። ማገርሸት በዚህ ሕመም የተለመደ ነው፤ ልጁ በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪሙ ሊመለስ ይገባዋል። በተለይ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስድ ለነበረ ልጅ አደጋው እጥፍ ነው፤ በታቀበበት ጊዜ ሰውነቱ ልምዱን ስለሚያጣ የድሮውን መጠን ቢውጥ ትንፋሹ ሊቋረጥ፣ ሊንዘፈዘፍም ይችላል። ይህንን ሕክምናውን ጨርሶ ከመውጣቱ በፊት ለራሱም ለቤተሰቡም በግልጽ መንገር ያስፈልጋል፤ ራሱን ስቶ ከተገኘም «ይተኛ፣ ይለቀዋል» ሳይባል ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል መወሰድ አለበት።