ዜጎች የቀረጹትን ቪዲዮ ለሰብአዊ መብት ሥራና ለዘገባ እንዴት መጠቀም ይቻላል?

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 የካሜሩን ናቸው የተባሉ ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ተኩሰው ሲገድሉ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሠራጨ። የካሜሩን መንግሥት ሐሰተኛ ነው ሲል አስተባበለ። የቢቢሲ የምርመራ ዘገባ ክፍል የሆነው የአፍሪካ አይ ጋዜጠኞች ግን ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየውን የተራራ ሰንሰለት ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክረው ቦታው በሰሜን ካሜሩን ዘለቬት አቅራቢያ መሆኑን ደረሱበት። ከሕንፃዎቹና ከጥላው ተነሥተውም ግድያው የተፈጸመው ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5 ቀን 2015 ባሉት ቀናት መሆኑን አሳዩ። በ2020 ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራት ወታደሮችን በ10 ዓመት እስራት ቀጣ። ቪዲዮው ብቻውን ቢቀር ኖሮ ነገሩ «እውነት ነው»፣ «ውሸት ነው» ከመባባል አያልፍም ነበር።

የሚከተለው አሠራር እንዲህ ያለ ቪዲዮ እጃቸው ለሚገባ ጋዜጠኞችና የመብት ተሟጋቾች ነው። ቅደም ተከተሉን አያዛንፉ። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው መጀመሪያ ተለጥፎ በኋላ ሲጣራ ነው።

1. ዋናውን ፋይል ይያዙ

በመልእክት መተግበሪያ የተላከ ቪዲዮ ይጨመቃል፤ የተቀረጸበት ሰዓት፣ የስልኩ ዓይነትና ቦታው የሚመዘገብበት ሜታዳታም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ቀራጩ እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል ወይም እንደ ዶክመንት እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ሳይቆርጥ፣ ጽሑፍ ሳይጨምርበት፣ ስሙን ሳይቀይር ይላከው። ዋናውንም ከራሱ ስልክ እንዳያጠፋው ይንገሩት፤ ስልኩ ሊፈተሽ የሚችል ከሆነ ግን ደህንነቱ ከፋይሉ ይቀድማል።

ፋይሉ እንደደረሰዎ ሻ-256 (SHA-256) በሚባለው የኮምፒውተር ስሌት የፋይሉን አሻራ ያውጡ። ውጤቱ 64 ፊደልና ቁጥር ነው። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ እንኳ ብትለወጥ አሻራው ፈጽሞ ሌላ ይሆናል፤ «ነካክታችሁታል» ለሚል ሰው መልስ የሚሆነው ይኸው ነው። አሻራውን፣ ከማን፣ መቼና በምን መንገድ እንደደረሰዎ በመዝገብ ይጻፉ። የቀራጩን ስም ግን ከቪዲዮው ጋር በአንድ ፎልደር አያስቀምጡ። ሦስት ቅጂ ይኑርዎ፣ በሁለት የተለያዩ ማከማቻዎች፣ አንዱ ከሥራ ቦታዎ ውጪ። የሚሠሩት ሁልጊዜ በቅጂው ላይ ነው።

ቪዲዮውን ያገኙት ከኢንተርኔት ከሆነ ወዲያው ያውርዱት፤ ሊንኩን፣ የአካውንቱን ስምና የተለጠፈበትን ሰዓትም ይያዙ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ ጽንፈኛ ይዘትን በማሽን መለየት ሲጀምር የሶርያን ጦርነት የመዘገቡ በርካታ ቪዲዮዎችና ቻናሎች አብረው ተሰርዘዋል። ነገ አገኘዋለሁ ማለት አያዋጣም።

2. ቀራጩን ያነጋግሩ

የመጀመሪያው ጥያቄ «አንተ ነህ የቀረጽከው ወይስ ተልኮልህ ነው?» የሚል ይሁን። ከዚያ የት ቆሞ እንደነበር፣ መቅረጽ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንዳቆመ፣ ሌላ ቀረጻ እንዳለውና ለማን ለማን እንደላከው ይጠይቁ። «ወታደሮቹ ናቸው አይደል የተኮሱት?» ብሎ መልሱን አፉ ላይ ማስቀመጥ ምስክርነቱን ያበላሻል፤ «ምን አየህ?» ይበቃል። ተመልሶ ሄዶ እንዲቀርጽልዎ በጭራሽ አይጠይቁ።

ፈቃድ ሲጠይቁም የት እንደሚታተም፣ ማን ሊያየው እንደሚችልና ከወጣ በኋላ መልሶ መሰብሰብ እንደማይቻል በግልጽ ይንገሩት። ስሙ ይጠቀስ ወይስ አይጠቀስ የሚለውን የሚወስነው እሱ ነው።

3. ያጣሩ

በብዛት የሚያጋጥመው ማታለያ የተቀነባበረ ምስል ሳይሆን እውነተኛ የሆነ አሮጌ ቪዲዮ አዲስ ስም ተሰጥቶት ሲመጣ ነው። ስለዚህ ከቪዲዮው ጥርት ያሉ ጥቂት ምስሎች ወስደው በጉግል፣ በያንዴክስና በቲንአይ የምስል መፈለጊያዎች ይፈልጉ። አንዱ ያላገኘውን ሌላው ያገኛል። ምስሉን ግራ ቀኝ ገልብጠውም ይሞክሩ፤ ፍለጋን ለማምለጥ የሚገለብጡት አሉ።

ቦታውን ለማግኘት ቪዲዮውን ቀስ ብለው እያዩ የማይንቀሳቀሰውን ሁሉ ይዘርዝሩ፦ የተራራ ጫፍ፣ የመብራት ምሰሶ፣ የጣሪያ ቅርጽ፣ የመንገድ መታጠፊያ፣ የሱቅ ጽሑፍ። ከግራ ወደ ቀኝ በወረቀት ይሳሉትና በጉግል ኧርዝ ላይ ተመሳሳዩን ይፈልጉ። አንድ ነገር መመሳሰሉ ምንም አያረጋግጥም። ቢያንስ ሦስት ነገሮች፣ በመካከላቸው ያለው ርቀትና አቅጣጫ ጭምር ሲገጥም ነው ቦታው ተገኘ የሚባለው። የማይገጥም ነገር ካለም አይለፉት፤ ቤቱ ፈርሶ ይሆናል፣ ወይም ቦታው ሌላ ነው። የቆዩ የሳተላይት ምስሎች ይህን ይለያሉ፤ አንድ ግንብ መቼ እንደተሠራና መቼ እንደፈረሰ ማወቅ የቀረጻውን ጊዜ ያጠብበዋል።

ሰዓቱን ከጥላ ማውጣት ይቻላል። ሰንካልክ በተባለው ድረ ገጽ ቦታውን አስገብተው የጥላውን አቅጣጫና ርዝመት ያመሳክሩ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአንድ መንገድ ስለምታልፍ አንድ ጥላ ከሁለት የተለያዩ ወራት ጋር ይገጥማል። ቀኑን ለመለየት የአየር ሁኔታ መዝገብ፣ የሰብል ወይም የቅጠል ሁኔታ ያስፈልጋል። የተለጠፈበት ሰዓት በየትኛው የሰዓት ክልል እንደተጻፈም ይመልከቱ፤ የሦስት ሰዓት ልዩነት ቀኑን ራሱን ሊቀይር ይችላል። የስልኩ ሰዓት ትክክል ላይሆን ስለሚችል ሜታዳታን ብቻውን አይመኑ።

ድምፅም ይናገራል። የፍንዳታው ብርሃን ታይቶ ድምፁ ከሦስት ሰከንድ በኋላ ከተሰማ ፍንዳታው ከቀራጩ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፤ ድምፅ በሰከንድ ወደ 340 ሜትር ይጓዛልና። የሰዎቹ አነጋገር ዘዬም ከተባለው ቦታ ጋር መስማማቱን የአካባቢው ተወላጅ ያዳምጥልዎ።

በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው ብለው ከጠረጠሩ መለያ ሶፍትዌሮችን ብቻ አይደገፉ፤ በተጨመቀ ቪዲዮ ላይ በሁለቱም በኩል ይሳሳታሉ። የተሻለው ፈተና ያው ነው፦ ዋናው ፋይል አለ? ቀራጩ ይታወቃል? ቦታው ይገጥማል? ያንኑ ክስተት ከሌላ አቅጣጫ የቀረጸ አለ?

መጨረሻ ላይ «ተረጋግጧል» ብለው በአንድ ቃል አይዝጉት። ቦታው፣ ጊዜው፣ የተፈጸመው ድርጊትና ፈጻሚው አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። ቦታው ተረጋግጦ ፈጻሚው ሳይታወቅ ሊቀር ይችላል። የደንብ ልብስም ብቻውን ማንነትን አያረጋግጥም።

4. የሚታዩትን ሰዎች ይጠብቁ

ፊት ብቻ አይደለም ሰውን የሚያሳውቀው። ልብስ፣ ጠባሳ፣ ድምፅ፣ የመኪና ታርጋ፣ መስታወት ላይ የተንጸባረቀ የቀራጩ ምስል፣ ቀረጻው የትኛው መስኮት ላይ ሆኖ እንደተወሰደ የሚያሳየው ማዕዘን ሁሉ ያጋልጣል። ስስ ማደብዘዣ አያስተማምንም፤ ፊቱን ሙሉ በሙሉ በጥቁር ይሸፍኑ። ሰው ሲዞር ሽፋኑ ስለሚያመልጥ ፍሬም በፍሬም ይመልከቱ፤ አንዲት ያመለጠች ፍሬም ስክሪንሹት ተደርጋ ትሠራጫለች። ድምፅን ከማቅጠን ወይም ከማወፈር ይልቅ አጥፍቶ በጽሑፍ መተካት ይሻላል። ለሕትመት ከሚወጣው ቅጂ ላይ ሜታዳታውን ያጥፉ።

አጥፊዎቹ ራሳቸው የቀረጹት ቪዲዮ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ተጎጂውን ለማዋረድ የተቀረጸን ነገር እንዳለ መልቀቅ ውርደቱን መቀጠል ነው። የ1949ኙ ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት በአንቀጽ 13 የጦር ምርኮኞች ለሕዝብ መታያ እንዳይሆኑ ይከለክላል። ብዙ ጊዜ አንድ የተሸፈነ ምስልና ጥንቁቅ መግለጫ በቂ ነው።

5. ለማን እንደሚውል ይወስኑ

ለፍርድ የሚቀርብ ከሆነ ያልተነካው ፋይል፣ አሻራውና ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መዝገብ ያስፈልጋል። በ2020 የወጣው፣ ከኢንተርኔት የተገኘ ማስረጃ እንዴት እንደሚመረመር የሚያስረዳው የበርክሌይ ፕሮቶኮል የተባለ መመሪያ አሠራሩን በዝርዝር ያስቀምጣል። ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በኦገስት 2017 በሊቢያዊው የጦር አዛዥ ማሕሙድ አል ወርፈሊ ላይ ያወጣው የእስር ማዘዣ በማኅበራዊ ሚዲያ በተለጠፉ ቪዲዮዎች ላይ የተደገፈ ነበር።

ለዘገባ ሲሆን የተረጋገጠውንና ያልተረጋገጠውን ለይተው ከቪዲዮው ጋር ይጻፉ። ሙዚቃ አይጨምሩ፣ ምስሉን በዝግታ እንዲሄድ አያድርጉ፣ የቆረጡት ካለ መቆረጡን ያሳዩ። ለቅስቀሳ ከሆነ አጭር አድርገው ከአንድ ግልጽ ጥያቄ ጋር ያያይዙት። አንዳንዴ ትክክለኛው ውሳኔ ፈጽሞ አለማተምና ለተጎጂው ጠበቃ በዝምታ መስጠት ነው፤ በተለይ ምስክሩ ገና በአጥፊው እጅ ሥር ካለ።

ከታተመ በኋላ ቀራጩን መልሰው ያግኙት። ዛቻ ከደረሰበት ቪዲዮውን ለማውረድ ዝግጁ ይሁኑ። ስህተት ከተገኘም እርማቱን ቪዲዮው በወጣበት በዚያው ገጽ፣ ቀኑን ጠቅሰው ያውጡ።