ፍጹም ካፓሲተር ያልሆነ ኤሌክትሮድ የኢምፒዳንስ ልኬት እንዴት ይነበባል?

በጨው ውሃ ውስጥ የተነከረ የብረት ኤሌክትሮድ ኢምፒዳንስ (በተለያየ ድግግሞሽ ለተለዋዋጭ ጅረት የሚያሳየው ተቃውሞ) ሲለካ፣ እውናዊ ክፍሉን በአግድም፣ ምናባዊውን በቁም የሚያሳየው ግራፍ በመማሪያ መጻሕፍት እንደሚሳለው የተስተካከለ ግማሽ ክብ አይሆንም፤ ማዕከሉ ከአግድሙ መስመር በታች የወረደ ዝቅ ያለ ቅስት ነው። ይህ የመሣሪያ ብልሽት አይደለም። የገጹ ወጣ ገባነት፣ በላዩ ያለው የኦክሳይድ ንጣፍ ወይም የጅረቱ እኩል አለመሰራጨት በአንድ የጊዜ ቋሚ (ገጹ ለቮልቴጅ ለውጥ ምላሽ የሚሰጥበት ፍጥነት መለኪያ) ምትክ ብዙ ስለሚፈጥር ነው። ስለዚህ በካፓሲተሩ ቦታ ኪው እና አልፋ በሚባሉ ሁለት ቁጥሮች የሚገለጽ የቋሚ ፌዝ ኤለመንት ይገባል። አልፋ 1 ሲሆን ፍጹም ካፓሲተር፣ 0 ሲሆን ተራ ሬዚስተር ይሆናል።

በመጀመሪያ ልኬቱ የሚታመን መሆኑን ያረጋግጡ። የሚላከው የቮልቴጅ ሞገድ ትንሽ፣ ለምሳሌ 10 ሚሊቮልት ይሁን፤ ውጤቱም የክራመርስ ክሮኒግን ፈተና፣ ማለትም እውናዊና ምናባዊ ክፍሎቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን የሚያይ ስሌት፣ ይለፍ። ብረቱ ልኬቱ እየተካሄደ የሚለወጥ ከሆነ በዝቅተኛ ድግግሞሽ ያሉት ነጥቦች ይህን ፈተና አያልፉም፤ እነዚህን ነጥቦች መጣል ይሻላል።

ቀጥሎ፣ ሶፍትዌር ከመክፈትዎ በፊት፣ የኢምፒዳንሱን ምናባዊ ክፍል መጠን ከድግግሞሹ ጋር በሎጋሪዝም ሚዛን ይሳሉ። በከፍተኛ ድግግሞሽ በኩል የሚታየው ተዳፋት አሉታዊ አልፋ ነው። የፌዝ ግራፍ (በቮልቴጁና በጅረቱ ሞገዶች መካከል ያለውን የማዕዘን ልዩነት የሚያሳየው) በኤሌክትሮላይቱ፣ ማለትም በጨው ውሃው፣ ሬዚስታንስ ስለሚዛባ ብዙዎችን ያሳስታል፤ ምናባዊው ክፍል ግን ከዚያ ሬዚስታንስ ነጻ ነው። ተዳፋቱ በሰፊ የድግግሞሽ ክልል ቀጥ ብሎ ካልዘለቀ ኤለመንቱ ለልኬቱ አይስማማም ማለት ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቁጥር ይሰጥዎታል።

ከዚያ የኤሌክትሮላይቱን ሬዚስታንስ፣ ከእሱም ጋር በተከታታይ፣ እርስ በርሳቸው በትይዩ የተያያዙትን የቻርጅ ዝውውር ሬዚስታንስ (ቻርጅ በብረቱና በውሃው መካከል ሲያልፍ የሚገጥመውን) እና የቋሚ ፌዝ ኤለመንቱን የያዘ ሰርኪዩት ከልኬቱ ጋር ያዛምዱ።

ዋናው ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው። ኪው ካፓሲታንስ አይደለም፤ አሃዱም አልፋ 1 ካልሆነ በቀር ፋራድ አይሆንም። ወደ ካፓሲታንስ ለመለወጥ ኪው ወደ «1 ሲካፈል ለአልፋ» ርቢ ከፍ ይደረጋል፤ ውጤቱም «1 ሲቀነስ አልፋ፣ ሲካፈል ለአልፋ» በሚለው ርቢ ከፍ በተደረገ ሬዚስታንስ ይባዛል። ጥያቄው የትኛው ሬዚስታንስ የሚለው ነው። ብሩግና ባልደረቦቹ በ1984 ያቀረቡት ቀመር የኤሌክትሮላይቱንና የቻርጅ ዝውውሩን ሬዚስታንስ በትይዩ ይወስዳል፤ ሱ እና ማንስፌልድ በ2001 ያቀረቡት ደግሞ የቻርጅ ዝውውሩን ብቻ።

ስፋቱ 1 ካሬ ሴንቲሜትር በሆነ ኤሌክትሮድ ላይ ኪው 0.0001፣ አልፋ 0.85፣ የኤሌክትሮላይቱ ሬዚስታንስ 10 ኦም፣ የቻርጅ ዝውውሩ 1000 ኦም ተገኘ እንበል። የብሩግ ቀመር ወደ 30 ማይክሮፋራድ፣ ሁለተኛው ወደ 67 ማይክሮፋራድ ይሰጣል፤ ኪውን እንዳለ ፋራድ ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ 100 ይላል። ሦስቱም የወጡት ከአንድ ልኬት ነው።

የጊዜ ቋሚዎቹ ልዩነት በገጹ ላይ ጎን ለጎን የተሰራጨ ከሆነ፣ ለምሳሌ ንጣፍ በሌለው ብረት ድርብ ንብርብር (ብረቱና ውሃው በሚገናኙበት ቦታ ያለው የቻርጅ ንብርብር) ላይ፣ የብሩግ ቀመር ይመረጣል። በንጣፉ ውፍረት ውስጥ ከሆነ ግን፣ ለምሳሌ በኦክሳይድ ወይም በቀለም ቅብ ላይ፣ ሁለተኛው ይቀርባል። ምርጫው በግራፉ ቅርጽ አይወሰንም፤ ስለ ናሙናው ከሌላ መንገድ ያለዎት ዕውቀት ያስፈልጋል። የንጣፍ ውፍረት ከካፓሲታንሱ በግልባጭ ስለሚሰላ፣ በቀመር ምርጫ የተሳሳተ ሰው ውፍረቱን ከእጥፍ በላይ ሊስት ይችላል።

በሪፖርትዎ ከካፓሲታንሱ ጋር ኪውን፣ አልፋን፣ ሁለቱንም ሬዚስታንሶች፣ የኤሌክትሮዱን ስፋትና የተጠቀሙበትን ቀመር ይጻፉ፤ በሌላ ቀመር ማስላት የሚፈልግ አንባቢ ልኬቱን መድገም አያስፈልገውም።