ያስገባነው ጂን ሲዘጋ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ምልክቱ፦ አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን የሚሠራው ጂን ገብቶ ሴሎቹ ደምቀው ነበር፤ ከሳምንታት በኋላ ብርሃኑ እየከሰመ ሄደ። ሴሎቹ ግን ጤነኞች ናቸው፤ ይራባሉ።

በቅድሚያ ያስገባችሁትን ዲኤንኤ በፒሲአር (የተፈለገን የዲኤንኤ ክፍል አባዝቶ በሚያሳይ ዘዴ) ፈልጉ። ከሌለ ከክሮሞዞም ጋር አልተዋሃደም፤ በክፍፍል ወቅት ጠፍቷል። ዲኤንኤውም ከእርሱ የሚቀዳው መልእክተኛ አርኤንኤም በበቂ ካሉ የፕሮቲኑን አሠራርና መፍረስ መርምሩ።

ዲኤንኤው ኖሮ አርኤንኤው ከሌለ፣ ዘወትር የሚገጥመኝ ብልሽት ይህ ነው፦ ሴሉ ጂኑን ዘግቶታል። በፕሮሞተሩ (የጂኑን ንባብ በሚያስጀምረው የዲኤንኤ ክፍል) ላይ ሲ እና ጂ የተባሉት የዲኤንኤ ፊደላት በተከታተሉበት ቦታ ሜቲል የተባለ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጠፋል፣ ሂስቶኖች (ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸው ፕሮቲኖች) አሴቲል የተባለውን ምልክታቸውን ይነጠቃሉ፣ ክሮማቲኑ (የዲኤንኤውና የሂስቶኖቹ ጥቅል) ይጠቀጠቃል፤ አርኤንኤውን የሚሠራው ኢንዛይም፣ አርኤንኤ ፖሊመሬዝ፣ መግቢያ ያጣል። ከሳይቶሜጋሎ ቫይረስ የተወሰደው ፕሮሞተር በዚህ በኩል ወረተኛ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚያደምቅ ብቻ ለረጅም ጊዜ ሥራ መመረጡ ያበሳጨኛል።

አንድ ባልደረባዬ የሳህኑን አማካይ ይዞ «ምርቱ በግማሽ ቀነሰ» አለኝ። በፍሎው ሳይቶሜትሪ (የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን ለየብቻ በሚለካ መሣሪያ) ሴሎቹን አንድ በአንድ ስንለካ ግማሾቹ እንደ ቀድሞው ደማቅ፣ ግማሾቹ ፈጽሞ የጨለሙ ነበሩ፤ በመካከል ያለ ሴል አልነበረም ማለት ይቻላል። አማካዩ ይህን ሁሉ ደብቆት ነበር። እባካችሁ በአማካይ አትመርምሩ! ሌላው ደግሞ መፍትሄ መስሎት የሚያስገባውን ዲኤንኤ አበዛ። ቅጂዎቹ በአንድ ቦታ ተደርድረው ገቡ፤ እንዲህ ያለ ድግግሞሽ ራሱ መዘጋትን ይጋብዛል፤ ጂኑም ከበፊቱ ፈጥኖ ተዘጋ።

ለማረጋገጥ ከሴሎቹ ለጥቂቶቹ ብቻ አዛሳይቲዲን የተባለውን ሜቲል የሚያስቀንስ መድኃኒት ስጡ፤ ብርሃኑ ከተመለሰ መንስኤው በአብዛኛው ሜቲል ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው በሚከፋፈሉ ሴሎች ውስጥ ብቻ ነው። በውሃ ውስጥ ስለሚበላሽ በየጊዜው አዲስ በጥብጡ። መርዛማ ነው፤ ጓንት አትርሱ። መመርመሪያ እንጂ መፍትሄ አይደለም፤ ሲቋረጥ ጂኑ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል።

ደማቆቹን ለቅሞ ማራባትም አይዘልቅም፤ ልጆቻቸው ይጨልማሉ። ጂኑን የያዙት ሴሎች ብቻ እንዲተርፉ አንቲባዮቲክ መጨመርም አያስተማምንም፤ አብሮ የገባው የአንቲባዮቲክ መቋቋሚያ ጂን የራሱ ፕሮሞተር ካለው ጎረቤቱ ተዘግቶም እርሱ ይሠራል።

መፍትሄው የምታስገቡትን ዲኤንኤ ግንባታ መቀየር ነው። ፕሮሞተሩን ኢኤፍ 1 አልፋ ከተባለው ጂን በተወሰደ ፕሮሞተር ተኩ፤ ከዶሮ ቤታ ግሎቢን ጂን አካባቢ የተገኘውን፣ ከጎረቤት የሚመጣ መዘጋትን የሚገታ መከላከያ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል በጂኑ በሁለቱም ጎን አኑሩ። የሰው ሴል ከሆነ ደግሞ አንድ ቅጂ ብቻ በክሪስፐር (ዲኤንኤን በተመረጠ ቦታ በሚቆርጥ መሣሪያ) ክሮሞዞም 19 ላይ ኤኤቪኤስ 1 ወደሚባለው ቦታ አስገቡ። ከዚያ ሳትዘገዩ ከመጀመሪያዎቹ ሴሎች በቂ ናሙና አቀዝቅዙ፤ የቀሩትን ያለ አንቲባዮቲክ ለሳምንታት አራብታችሁ አንድ በአንድ ሳትለኩ ዋናውን ሙከራ አትጀምሩ።