ጓዳ ባለው እህል ጠላ መጥመቅ፦ ምን በምን ይተካል?

ጓዳ ውስጥ ያለውን ሁሉ አውጡና መዝኑ። የተረፈ የስንዴ ዱቄት፣ ትንሽ በቆሎ፣ የሰነበተ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ቆሎ ይኖራል። እያንዳንዱ በጋኑ ውስጥ ምን ሥራ እንዳለው ለሚያውቅ ሰው ከነዚህ ጥሩ ጠላ ይወጣል። ሥራዎቹ አራት ናቸው። እህሉ ስኳር የሚሆነውን ምግብ ያቀርባል፣ ብቅሉ እሱን ወደ ስኳር ይለውጣል፣ ጌሾው መራራነት ይሰጣል፣ ጠላውንም ከመበላሸት ይጠብቃል፣ አሻሮው (ተቆልቶ የተሸረከተው ገብስ) ቀለምና ሽታ ይሰጣል። እህልን በእህል፣ አሻሮን በበሶ መተካት ይቻላል። ብቅልንና ጌሾን ግን የሚተካ ነገር የለም።

ልኩ 1 ለ 2 ለ 6 ነው፤ አንድ እጅ ጌሾ፣ ሁለት እጅ ብቅል፣ ስድስት እጅ እህል። ለ20 ሊትር ጠላ 500 ግራም ጌሾ (300 ግራም የተፈጨ ቅጠል፣ 200 ግራም የተከተፈ እንጨት)፣ 1 ኪሎ ብቅልና አሻሮውን ጨምሮ 3 ኪሎ እህል ይበቃል። ያላችሁ እህል 2 ኪሎ ብቻ ከሆነ ብቅሉን ወደ 650 ግራም፣ ጌሾውን ወደ 330 ግራም፣ ጠላውንም ወደ 13 ሊትር አውርዱ። እህሉ ሲያንስ ውሃውን እንዳለ መተው ከመጀመሪያው ቅራሪ መጥመቅ ነው።

በጣም መጠንቀቅ ያለባችሁ ብቅሉ ላይ ነው። ቤት ያለ ገብስ ወይም ስንዴ ማብቀል ትችላላችሁ፤ የተፈተገ፣ የተከካ ወይም የተቆላ ግን አይበቅልም። ለዘር የተዘጋጀ፣ መድኃኒት የነካው እህል ደግሞ ፈጽሞ አይነካ። እህሉን አንድ ቀን ዘፍዝፉ፣ አጥልሉ፣ በኮባ ቅጠል ወይም በንጹሕ እርጥብ ጆንያ ሸፍኑት። እንደ አዳማ ባለ ሞቃት ቦታ 3 ቀን ገደማ ይበቃዋል፤ በደጋ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሲያህል ፀሐይ ላይ አድርቁና አስፈጩ። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ከታየበት ሁሉም ይጣል። ብቅል ምጣድ ላይ አይወጣም፤ እህሉን ወደ ስኳር የሚለውጠው ኢንዛይም በእሳት ይሞታል፣ የሚቀረውም ተራ ዱቄት ነው። የበቆሎ ብቅል ደካማ ስለሆነ በ1 ኪሎ ፋንታ 1 ኪሎ ተኩል አድርጉ።

እህሉ ምንም ይሁን ምን ይብሰል። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ ሁሉም ይሆናሉ፤ ዱቄቱን አቡክታችሁ ቂጣ ጋግሩ ወይም እንኩሮ አድርጋችሁ እመሱ። በተለይ በቆሎ ጥሬውን ሲቀር ብቅሉ አይሠራበትም፣ አተላ ሆኖ ከታች ይዘቅጣል። ድርቆሽ ቀድሞውኑ የበሰለ ስለሆነ ይጠቅማል፤ ከራሱ ኮምጣጣነት ስላለው ግን ከ500 ግራም አይለፍ። የደረቀ ዳቦም ይገባል፤ ዘይት ወይም ቅቤ የነካው ሲሆን አረፋውን ያጠፋል፣ ሲቆይም ይሻግታል። በሶ ጨው ካልገባበት 500 ግራሙ በአሻሮ ቦታ ይቆማል። ከቆሎው ውስጥ ሱፉን፣ ኦቾሎኒውንና ሽምብራውን ልቀሙና ገብሱን ብቻ ሸርክቱ። ሽሮ አይገባም። ስኳር እስከ 300 ግራም በመጨረሻው ውሃ መጨመር ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ ጠላው ቀጭንና የሚያቃጥል ይሆናል። እኛ ያለ ስኳር የተጠመቀውን እንመርጣለን።

ጌሾ ከሌለ ሌላ ቀን መጥመቅ ይሻላል። ግራዋ ቢመርም ሥራው ዕቃ ማጠብ ነው።

ዕቃው ቢያንስ 30 ሊትር ይያዝ፤ ሲፈላ ወደ ላይ ይነሳልና። ጋን ወይም ማድጋ ከሆነ በግራዋ ፈትጋችሁ አለቅልቁና በወይራ ፍም ላይ ደፍታችሁ አጥኑት። ፕላስቲክ አይታጠንም፤ ጥንስሱን (መጀመሪያ የሚበጠበጠውን ጌሾ) በታጠነ ማሰሮ ብትጥሉ ሽታው አብሮ ይገባል። ቀለም ወይም ኬሚካል ነበረበት የሚባል በርሜል፣ የብረትና የአሉሚኒየም ዕቃም ይቅር። በአዳማ ከአዋሽ የሚሳበው የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው ሌሊቱን አፉን ሳትከድኑ አሳድሩት። በስምጥ ሸለቆው አካባቢ የብዙ ጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ ይበዛበታል፣ ማፍላትም አያወጣውም፤ ስለዚህ ቧንቧው ይሻላል።

ጥንስሱን ለመጣል 300 ግራሙን የጌሾ ቅጠል በ3 ሊትር ውሃ በጥብጡና ክደኑ። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ሙቀት 2 ቀን፣ በኅዳርና ታኅሣሥ ከ3 እስከ 4 ቀን ይወስዳል። ሽታው ሲወጣና ፊቱ ላይ ነጠብጣብ አረፋ ሲታይ ብቅሉን፣ የቂጣውን ሩብና 2 ሊትር ውሃ ጨምሩ። ከ1 እስከ 2 ቀን በኋላ በደንብ ሲፈላ የቀረውን ቂጣ ወይም እንኩሮ፣ አሻሮውንና የጌሾውን እንጨት አግቡ፤ ወፍራም ገንፎ የመሰለ ድፍድፍ እስኪሆን 4 ወይም 5 ሊትር ውሃ ይበቃዋል። ቂጣው እጅ ላይ ምንም ሙቀት እስከማይሰማ ይቀዝቅዝ፤ ትኩሱን የጨመረ ሰው ብቅሉንም እርሾውንም በአንድ ጊዜ ይገድላል። ድፍድፉ ተከድኖ ከ4 እስከ 5 ቀን ይቀመጥ፤ ከዚያ ውሃ ሞልታችሁ መልሳችሁ ክደኑት። በ2 ቀን ውስጥ ይደርሳል፤ አጥልሉት።

ክዳኑ ከአየር ይጠብቅ እንጂ ጋዙን አይዝጋበት። ጥርቅም ተደርጎ የተዘጋ ጀሪካን ይነፋል፣ ይፈነዳልም። ቡሹን ሩብ ዙር አላሉት ወይም አፉን በላስቲክ ሸፍናችሁ ለስለስ አድርጋችሁ እሰሩ። ዕቃውን ጥላ ያለበት ክፍል ሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡና እርጥብ ጆንያ አልብሱት።

ድፍድፉ ዝም ካለ ቅመሱት። ጣፋጭ ሆኖ ካልፈላ ብቅሉ ሠርቷል፣ የጎደለው እርሾ ነው፤ ከጎረቤት አንድ ኩባያ የሚፈላ ጥንስስ ወይም አንድ የሻይ ማንኪያ የዳቦ እርሾ ይበቃዋል። ጣፋጭነት ከሌለውና ሊጥ ሊጥ ካለ ብቅሉ ሞቷል ወይም አንሷል፤ 200 ግራም ያልታመሰ ብቅል ጨምራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። የሚኮመጥጥ ከሆነ አየር ገብቶበታል፤ ብዙ ጊዜ የሚከፈት ወይም ግማሹ ባዶ የሆነ ዕቃ ዋናው ምክንያት ነው። የኮመጠጠ ጠላ በስኳር አይመለስም፤ ከሻጋታ የጸዳ ከሆነ ለኮምጣጤ ይተው።

ከተጠለለ በኋላ በአዳማ ሙቀት በ2 ቀን ውስጥ ይጠጣ። በቀረው ድፍድፍ ላይ 5 ሊትር ውሃ ጨምራችሁ ብታሳድሩት ቅራሪ ይወጣል። ቅራሪም አልኮል ስላለው ለልጆች አይሰጥ። አተላው ለከብት ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አይሰጣቸው።